ገጽ አርባ አንድ

የዶክትሬት መግቢያ ማስታወቂያው በትምህርት ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈ ዕለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱን ለመረዳት፣ አንዱን ለደስታ። በኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ከነመመረቂያ ጽሑፉ። ከመምህራን ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ። ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ። ከዚያ ስድሳ ነጥብ የሚይዝ የጽሑፍ ፈተና፣ አሥር ነጥብ የሚይዝ ባለ አምስት ገጽ የምርምር ዕቅድ፣ ሠላሳ ነጥብ የሚይዝ የሃያ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ። ከግርጌው፣ እንደ ዋዛ፣ «የተያዘው ቦታ ሁለት ነው» ይላል።

አባዬ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሱቁ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብና ረጅም ክፍል ናት፤ በግራ ፎቶ ኮፒው፣ በቀኝ የክርና የሙጫ መደርደሪያው፣ ከመጨረሻው ግድግዳ ሥር ደግሞ እንደ ንጉሥ ብቻውን የቆመው ትልቁ የወረቀት መቁረጫ። ማስታወቂያውን በቃሌ ሳነበንብለት መርፌውን ከእጁ ሳይለቅ አዳመጠኝ።

«ሁለት ቦታ?» አለ። «አንዱ ያንቺ ነው። ለሁለተኛው እነሱ ይጨነቁ።»

«አባዬ፣ እንዲህ አይባልም። ፈተና እኮ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ነው ያልኩት።»

«አላልክም።»

«ልል ነበር።»

ብቻዬን ባጠና እንደሚሻለኝ ብዙ ሰው መክሮኛል። እኔ ግን ዕውቀት ሲካፈሉት የማይጎድል ብቸኛ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስል ሰዎች ይስቃሉ፤ ሳቃቸው እምነቴን ቀንሶት አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አብረውኝ እንዲያጠኑ ጋበዝኩ። የመጀመሪያው ጋሽ ኬብል ነው፤ የኔትወርክ ባለሙያ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ ሲጠየቅ የሽቦ መቁረጫ የሚያወጣ ሰው። ሁለተኛ ዲግሪውን ከያዘ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ የሰጠው ለዚህ ዓመት ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ካመለጠው አመለጠው። ሁለተኛው ዜሮ ነው፤ ከእኔ ጋር የተመረቀ ፕሮግራመር። ስሙ የወጣለት ሁሉን ነገር ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቆጥር ነው፤ ደረጃ ሲወጣ እንኳ የመጀመሪያዋን «ዜሮ» ብሎ ነው የሚረግጣት። እኔን ሁለቱም «አንደኛ» ይሉኛል። ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አልለየሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ ሥራ ሲቀንስለት፣ ከሱቁ የሙጫ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰብ ነበር። ለፈተናው የተዘረዘሩት ርዕሶች ብዙ ናቸው፤ ጋሽ ኬብል የኔትወርኩን፣ ዜሮ የስርዓተ ክወናውን፣ እኔ ደግሞ የአልጎሪዝሙን፣ ማለትም የስሌት ስልቶቹን፣ ማስታወሻ እንድናዘጋጅ ተከፋፈልን። የእነሱ ማስታወሻ አጭር ነበር። የእኔ ስልሳ ሁለት ገጽ ሆነ።

«አንደኛ፣ ይሄ ማስታወሻ ነው ወይስ ርስት?» አለ ዜሮ ክምሩን በሁለት እጁ እያመዛዘነ።

«አንብበው፤ ከዚያ ትሰድበዋለህ።»

በገጽ አርባ አንድ ላይ አጭሩን መንገድ ስለሚፈልግ ስልት ጽፌ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከተማ ውስጥ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላው ጋ በትንሹ ወጪ መድረስ የሚፈልግ ኮምፒውተር፣ በመጀመሪያ ቅርብ የሆነውን ጣቢያ መርጦ ወጪውን ይወስናል፤ ጣቢያውን ዘግቶም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ወደ ተዘጋው ተመልሶ አያይም። ይህን ለማስታወስ እንዲቀል በቀይ ቀለም «አንዴ የተዘጋ በር ዳግም አይንኳኳም» ብዬ አሰመርኩበት። ከዚያ አንዲት መሥመር ቀረችኝ። ቦታው አልቋል። ወረቀት አይባከንም ብሎ ያሳደገኝ አባት እያለኝ ለአንድ መሥመር አዲስ ገጽ መጀመር አላስቻለኝም፤ ከወረቀቱ የታችኛ ጫፍ ላይ፣ አጣብቤ፣ ጠቅጥቄ ጻፍኳትና ክምሩን ለአባዬ ሰጠሁት።

አባዬ ሁለት ኮፒ አነሳ። ከዚያ የእጅ ጽሑፌንና ሁለቱን ኮፒዎች ለየብቻ ደልድሎ፣ ሰፍቶ፣ ጥቁር ልባስ አልብሶ፣ ደራርቦ ሦስቱንም ጎን በመቁረጫው ከረከመልን። ያልተከረከመ መጽሐፍ ለእሱ ፊቱን ሳይታጠብ የወጣ ሰው ነው። ሦስት እኩያ፣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የቀጠነ መጻሕፍት ሲያስረክበን ጋሽ ኬብል የእሱን ደጋግሞ አሸተተው።

«ይሄንማ ይዤ ብወድቅ እንኳ በክብር ነው የምወድቀው» አለ።

የተዘጋው በር ነገር ከሁሉም በላይ ተወደደ። ዜሮ ሻይ ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኘው፣ ጋሽ ኬብል ደግሞ አለቃው ስልክ ሳያነሳለት ሲቀር ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ይሏት ነበር። እኔ ግን በራሴ ቅጂ ያንን ገጽ ገልጬ አላየሁትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምኑን አየዋለሁ?

ለፈተናው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተቀመጥን። ሰባተኛው ጥያቄ ስምንት መንገዶች ያሉት ካርታ ነበር፤ ከስምንቱ የአንዱ ወጪ ከዜሮ በታች ሦስት ነው። ወጥመዷን ሳያት ፈገግ አልኩ። ከዜሮ በታች የሚያስወጣ መንገድ ማለት ስትሄድበት ገንዘብ የሚመልስልህ መንገድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሲኖር የተዘጋውን በር ተመልሶ ማንኳኳት ያስፈልጋል። ይህንኑ ጽፌ ወጣሁ። በሩ ላይ ሰባተኛውን እንዴት ሠራችሁት ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ኬብል እጁን አነሳ።

«ወሬ የለም! የተነቀለ ጥርስና የተሰጠ ፈተና አይነካካም።»

እኛም አልነካካነውም።

ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩት ስድስት ሰዎች ሦስቱ እኛ ነበርን። የጋሽ ኬብል ማክሰኞ፣ የዜሮ ረቡዕ፣ የእኔ ሐሙስ ስምንት ሰዓት። ከማክሰኞ ጀምሮ ጋሽ ኬብል ስልክ አላነሳም፤ ረቡዕ ደግሞ ዜሮ «በርቺ» የምትል አንዲት ቃል ልኮ ጠፋ። እንዳይረብሹኝ አስበው መሰለኝ፤ እንዲያውም በልቤ አመሰገንኳቸው።

የምርምር ዕቅዴ አምቡላንስ ከታካሚው ደጅ በፍጥነት የሚደርስበትን መንገድ ስለመፈለግ ነው። ከመስታወት ፊት ቆሜ አሥራ አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ያልቃል፤ ሁለቱ ደቂቃ ለሰላምታና ለምስጋና የተተወ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ አጭር ሽበታም ፀጉር ያላቸው ሰብሳቢዋና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ደቂቃ የሚቆጥር ጢማም መምህር። ደቂቃው መቁጠር ጀመረ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሰብሳቢዋ ወረቀት ገፉልኝ።

«ይህን ዓረፍተ ነገር ታውቂዋለሽ?»

አንዴ የተዘጋ በር ዳግም አይንኳኳም ይላል።

«አውቀዋለሁ። የእኔ ነው።»

«በሦስት የፈተና ወረቀት ላይ አገኘነው። አንዱ ያንቺ ነው፤ መልስሽም ትክክል ነው። ሁለቱ ግን ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም ቃል በቃል አንድ ነው። ትክክለኛ መልስ ቢመሳሰል አይደንቀኝም። ስህተት ግን መልኩ ብዙ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ከተሳሳተ ተቀዳድቷል እንላለን። ደንቡ ደግሞ የተቀዳዳን ከውድድር ያሰናብታል።»

የሁለት ቀኑ ዝምታ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«አንቺን አልጠረጠርንም» አሉ ሰብሳቢዋ ረጋ ብለው። «የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪን። ከሌለ አላውቅም በይና ወደ ዕቅድሽ እንለፍ። ጊዜው ያንቺ ነው።»

ስልኩን አየሁት፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል ይላል። አላውቅም ማለት አምስት ፊደል ናት። ሁለቱ ቢሰናበቱ ከፊቴ የሚቆም ሰው እንደማይኖር ማስላት ደግሞ ለአንደኛ አይከብዳትም፤ አሰላሁት፤ በማስላቴም አፈርኩ።

«ማስታወሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁለቱም ያጠኑት ከእሱ ነው። ስለዚህ ቢመሳሰሉ የሚመሳሰሉት ከእኔ ጋር ነው።»

«ስህተቱንም አንቺ ነሽ ያስተማርሻቸው?»

«አይደለም። ስልቱ መቼ እንደማይሠራ ከገጹ ግርጌ ጽፌያለሁ።»

ሰብሳቢዋ ከመሳቢያቸው ጥቁር መጽሐፍ አወጡ። የአባዬን ስፌት ከሩቅ አወቅኩት። «ማክሰኞ የመጣው ተፈታኝ ራሱን ሊከላከልበት የሰጠን ነው። ገጽ አርባ አንድን ተመልክተነዋል። አንቺም ተመልከቺው።»

ገለጥኩት። የተዘጋው በር አለ። ከሥሩ ግን ምንም የለም።

«ልጄ» አለ ጢማሙ መምህር፣ ከቁጣ ይልቅ በሐዘኔታ፣ «ለጓደኛ ማሰብ ደግ ነው፤ ውሸት እስኪጨመርበት ድረስ ግን አይደለም።»

በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ፤ ውሸታም ተብዬ አላውቅም። መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት፤ አጋደልኩት፤ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ከታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ነጠብጣብ አይደሉም፤ የፊደል አናቶች ናቸው፤ አፍንጫቸውን ብቻ ከውኃ በላይ እንዳወጡ ዋናተኞች።

«መሥመሯ አለች!» አልኩ። «ተከርክማ ነው። እነሆ አናቷ!»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ለውጠው አዩ። ጢማሙ መምህርም ጎንበስ አለ። ከዚያ ስለ ሱቁ፣ ስለ ወረቀት ቁጠባው፣ ስለ መቁረጫው አስረዳሁ፤ እነሱ ጠየቁ፤ እኔ መለስኩ።

«አናት ብቻውን ምን እንደሚል አይነግረንም» አሉ ሰብሳቢዋ በመጨረሻ። «የተቀረው አካሉ የት ነው?»

«ካልተጣለ ሱቃችን የቁርጥራጭ ጆንያ ውስጥ ነው።»

«አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ከዚያ በፊት ካመጣሽው እናየዋለን። አሁን ዕቅድሽ።»

አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሮጥኩበት። አምቡላንሱ ከጋራዡ ሳይወጣ ደወሉ ጮኸ።

ሱቁ ስደርስ አባዬ ሙጫ ያማስላል።

«አባዬ፣ የቁርጥራጩ ጆንያ የት አለ?»

«ምን ጠፋብሽ?»

«አንድ መሥመር።»

«የማን?»

«የእኔ። ስትከረክመው ቆርጠህብኝ።»

ማማሰያው ቆመ። «እኔ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊደል ቆርጬ የማላውቀው?» መጽሐፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጽ አርባ አንድን አሳየሁት። አየው፤ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ፤ ትከሻው ወረደ። ወዲያው ደግሞ ቀና አለ። «ቆይ እስቲ፣ ማን እዚህ ጻፊ አለሽ?»

«ወረቀት አይባከንም ያልከኝ አንተ ነህ!»

«ባዶ ቦታ አትተዪ አልኩ እንጂ ገደል አፋፍ ላይ ጻፊ አልኩሽ?»

ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፍነው። የስንት መጽሐፍ ጠርዝ ነው! ነጩ፣ ቢጫው፣ ባለመሥመሩ፣ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተጠላልፏል። እኔ ተንበርክኬ፣ አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መፈለግ ያዝን።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ» አለ። «እኛ ደግሞ በእርጋታ አፍሰን በጥድፊያ ለቀምን።»

«አባዬ፣ ተረት ሳይሆን ወረቀት።»

«እጄ ሥራ አልፈታም፤ አፌን ተዪው።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ። አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ አባዬ በድንገት ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ። በጣቶቹ መካከል ሦስት ቀጫጭን ቁርጥራጮች ይዟል፤ ስለት በአንድ ምት ስለጣላቸው ከአንድ ክምር ውስጥ ነው ያገኛቸው። አንዱ ሰማያዊ ቀለም፣ ሁለቱ ጥቁር ኮፒ። ሦስቱም አንድ ነገር ይላሉ፤ ይህ የሚሠራው የየትኛውም መንገድ ወጪ ከዜሮ ካላነሰ ብቻ ነው፤ ካነሰ የተዘጋውን በር ዳግም ማንኳኳት ግድ ነው።

እጄን ስዘረጋ አልሰጠኝም።

«አንቺ ትቀድጂዋለሽ። እኔ ነኝ የምይዘው» አለና ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ተከተለኝ።

እናም አባቴ፣ ሙጫ በነካው ሽርጥ፣ ከዶክትሬት ቅበላ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ማንንም ሳያስፈቅድ የጋሽ ኬብልን መጽሐፍ ገልጦ ኮፒዋን ቁርጥራጭ ከጠርዙ ጋር አገናኛት። አናቶቹ ከእግሮቻቸው ጋር ገጠሙ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የመቁረጫው ነው» አለ ጢማሙ መምህር።

«መቁረጫ ራሱን ችሎ አይቆርጥም፣ ጌታዬ» አለ አባዬ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ይማሯቸው።»

ሰብሳቢዋ ቁርጥራጯን ደጋግመው አዩ። «ማጭበርበር አይደለም፤ የመቀዳዳቱ ነገር ተሰርዟል። ጥያቄው ግን አምስት ነጥብ ነበር፤ አምስቱን አያገኙም። ፈታኝ የሚያርመው የተጻፈውን እንጂ የተከረከመውን አይደለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺን ቃለ መጠይቅ መድገም አልችልም። ለአንቺ ደቂቃ ብጨምር ለአምስቱም መጨመር አለብኝ።»

«ልክ ነዎት» አልኩ። ልክ መሆናቸው ግን እንዴት አናደደኝ!

ልንወጣ ስንል ጢማሙ መምህር መጽሐፉን እያገላበጠ «ይህንን ስፌት ግን ማን ሠራው?» ሲል ሰማሁ። አባዬ እዚያው አሥር ደቂቃ ቆየ። ለዕቅዴ ከተረፈኝ አራት ደቂቃ የሚበልጥ ቃለ መጠይቅ አደረገ ማለት ነው።

ውጤቱ ሰኞ ተለጠፈ። ዜሮ ሰባ ሁለት፤ ጋሽ ኬብል ሰባ አንድ፤ እኔ ሰባ ነጥብ አምስት፤ ተጠባባቂ ቁጥር አንድ። ከቃለ መጠይቁ ሠላሳ ነጥብ አሥራ ሁለት ነበር የሰጡኝ። ሦስታችን ከወረቀቱ ፊት ጎን ለጎን ቆምን። መጀመሪያ የተናገረው ዜሮ ነው።

«ቆይ፣ ከዜሮ እንቁጠር። እኔ ዜሮ፣ ጋሼ አንድ፣ አንቺ ሁለት። ቦታው ስንት ነው? ሁለት። ገባሽ ማለት ነው!»

«የምትጽፈው ፕሮግራም ሁሉ እንዲህ ከሆነ አሠሪዎችህን እግዜር ይርዳቸው» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረ።

ጋሽ ኬብል የሽቦ መቁረጫውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። «አንደኛ... እኔ ምን ልበል?»

«ገብተህ ተማር፣ ጋሼ። ሌላ ምን ትላለህ?»

«ዝም ብትይ ኖሮ እኮ...»

«ዝም ብል ኖሮ ከማን ጋር እማር ነበር? ከሁለት ባዶ ወንበር ጋር?»

ይህን ስል ጠንካራ ነበርኩ። ወደ ቤት ስሄድ አለቀስኩ ወይ? አዎ፤ ከፋርማሲው አንስቶ እስከ መንገዱ መብራት ድረስ። ከዚያ አረንጓዴ በራ፤ ተሻገርኩ። ተጠባባቂነት ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷን ቀና ብዬ እያየሁ ዓመቱን አላሳልፍም። የሚመጣው ዓመት ማስታወቂያ ሲወጣ ግን አልጎድልም። ያጠፋሁትንም አውቃለሁ፤ ሰው የሚማርበትን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ በሚል ትዕቢት ገልጬ አላየሁትም።

ሱቁ ስገባ አባዬ ውጤቱን አልጠየቀኝም፤ ከፊቴ አነበበው። የሙጫ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙሉ እሽግ ነጭ ወረቀት ከምሯል። ከላይ ያለውን አነሳሁ። በአራቱም ጎን፣ ከጫፉ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ በእርሳስ ቀጭን መሥመር ተሰምሮበታል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም።

«አባዬ፣ ሁሉንም?»

«እስካሁን ሁለት መቶ አርባ ላይ ነኝ። ከዚያ መሥመር እንዳታልፊ።»

«ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ? ወረቀት ይባከናል እኮ።»

«ይባከን!» አለ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠዋት ሁለት ልጆች መጥተው ነበር። ለሚመጣው ዓመት የሚያዘጋጃቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጋሽ ኬብል ነው የላካቸው። ቅዳሜ ኑ አልኳቸው» አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከክምሩ የመጀመሪያውን ወረቀት ወስጄ፣ ከእርሳሱ መሥመር በደንብ ገባ ብዬ፣ ከገጹ አናት ላይ ያቺን የተቆረጠች መሥመር ጻፍኳት።